መሃል መቆም የለመደ ዳኛ

የቅርጫት ኳስ ዳኛ የሆንኩት ሻይ ስላፈላሁ ነው። ይህን ስናገር ሰዎች የምቀልድ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን የሆነውን ነው የምናገረው። አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ሲቀላ በኩል፣ የሲሚንቶ ሜዳ ያለው አንድ የስፖርት ግቢ ነበር። የግቢው ጠባቂ እኔ፣ ጠራጊ እኔ፣ መስመር ቀቢ እኔ፣ በር ከፋችም እኔ። ሚሊኒየሙ ሊገባ አካባቢ ከክልል አንድ አሠልጣኝ መጥቶ ለወጣቶች የአምስት ቀን የዳኝነት ሥልጠና ሰጠ። ሻይ እንዳፈላላቸው ታዘዝኩ። ሻዩን አድርሼ የት እሄዳለሁ? ከኋላ አንድ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። በመጨረሻው ቀን ሰርተፍኬት ሲታደል አሠልጣኙ የእኔንም ስም ጠራ። «አንድም ቀን ሳይቀሩ፣ አንድም ቀን ሳያረፍዱ የተከታተሉት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለኝ። እውነቱን ነው። ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ስለነበር እኔ ብቀር ሥልጠናው ራሱ አይኖርም ነበር።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በፊት ሰርተፍኬት የሚባል ነገር እጄ ገብቶ አያውቅም። ባለቤቴ ወረቀቱን መስታወት አስገብታ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳይና፣ «ዳኛ ነው፤ ምን እንደሚዳኝ ግን እስካሁን አልነገረኝም» ትላለች።

እውነት ለመናገር እኔም በደንብ አላውቀውም ነበር። መሥሪያ ቤቶች እርስ በርስ ሲገጥሙ ዳኛ ከጎደለ ፊሽካ ይሰጡኛል። ሕጉን ከሻይ ቅጠሉ ጋር እያደባለቅኩም ቢሆን ትንሽ ትንሽ ይዣለሁ። ያልያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ የት እንደምቆም።

የመጣሁት ከደጋው፣ ከጋሞ ተራራ ነው። እዚያ ሁለት ሰው ሲጣላ ሽማግሌ መሃላቸው ይገባል። ዳር ላይ የሚቆም ሽማግሌ ወይ ፈርቷል ወይ ለአንዱ አድልቷል ይባላል። ከተማ ከወረድኩ በኋላም ዕድሜዬ ሲገፋ በሠፈር ዕርቅ ሲኖር ይጠሩኝ ነበር፤ ሄጄም መሃል እቀመጣለሁ። ስለዚህ ፊሽካ በያዝኩ ቁጥር እግሬ የሚወስደኝ ወደዚያው ነው። ራሴ የቀባሁት የመሃል ክብ ውስጥ ገብቼ እተከላለሁ። ኳሱ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ግራ እዞራለሁ፤ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ቀኝ። ተጫዋቾቹ በአጠገቤ ሲያልፉ ሸሚዜ ይውለበለባል። ኳስ ጀርባዬን ሲመታኝ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

«አባባ፣ ትራፊክ ፖሊስ ነዎት እንዴ?» ይላል አንዱ ከተመልካቹ መካከል።

ሌላው ይቀበለዋል፤ «ምን ትራፊክ ትላለህ፣ አደባባዩ ራሳቸው ናቸው! ባጃጁ ሁሉ በእሳቸው ነው የሚዞረው!»

እኔም አብሬ እስቃለሁ። ስድብ አልመሰለኝም። እንዲያውም አደባባይ የሚያህል ነገር መባሌ ትንሽ ደስ ሳይለኝ አልቀረም።

ጥቂት ዓመታት አለፉና አንዲት ልጅ መጣች። ከጎጃም መጥታ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ ከተመረቀች በኋላ ሥራ የምትፈልግ፣ እስክታገኝ ድረስ በእኛ ግቢ ልጆች የምታሠለጥንና ጨዋታ የምትዳኝ ነበረች። ቀጭን ናት፤ ፊሽካዋ ግን አባያ ሐይቅን ተሻግሮ ማዶ የሚሰማ ይመስላል። መጀመሪያ ስትዳኝ ያየኋት ቀን በዓይኔ ብፈልጋት መሃል ላይ አጣኋት። ጨዋታውን ትታ የሄደች መስሎኝ ሌላ ሰው ልጠራ ስነሳ፣ ከቅርጫቱ ሥር፣ ከመስመሩ ውጭ ቆማ አየኋት። «ምነው ፈርታ ነው?» ብዬ አዘንኩላት። ማዘን የነበረብኝ ለራሴ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ያን ዓመት ለክልል ዳኝነት ልትፈተን ተመዘገበች። ፈተናው የወረቀት ብቻ አይደለም፤ ገምጋሚ ከሐዋሳ ይመጣና አንድ ሙሉ ጨዋታ ስትመራ ያያታል። ካለፈች በክልሉ ውድድሮች እየተመደበች ትሠራለች። ካላለፈች ደግሞ ታሪኳ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ምክንያቱም አባቷ ጊዜ የሰጧት እስከ ክረምት ብቻ ነው። ፊሽካ መንፋት ሥራ አይደለም፣ ክረምት ሲገባ አገርሽ ትገቢያለሽ ብለዋታል። ይህን የነገረችኝ መስመር ስቀባ የቀለሙን ጣሳ ይዛልኝ ነው። አንገቷን ደፍታ ስለነበር ፊቷን አላየሁትም።

ፈተናው ዐሥር ቀን ሲቀረው አብሯት የሚዳኘውን ወጣት ወባ ጣለው። ወባ እዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ ይህኛው ግን ልጁን አልጋ ላይ ሰፍቶ አስቀረው። ሰርተፍኬት ያለው ሌላ ሰው ስትፈልግ አንዱ ካምባ ወረዳ ተዛውሮ ሄዷል፣ አንዷ ደግሞ አራስ ናት። የቀረው የእኔ ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት ነው።

«አባባ፣ እውነት ሰርተፍኬት አለዎት?» አለችኝ።

«አለኝ። ባለ መስታወት ነው።»

«መሮጥስ ይችላሉ?»

«እሱ እንኳ የለኝም።»

ጉልበቴን አየችው። ሰው በሬ ሊገዛ ሲል እንደሚያየው ነው ያየችው። ከዚያ፣ «ግድ የለም፤ ቦታ አያያዝ ካወቁ ግማሹ ሩጫ ይቀርልዎታል» አለች። ይህችን ልጅ የወደድኳት ያኔ ነው።

በማግስቱ ፀሐይ ሳትበረታ ጀመርን። ዐሥር የለስላሳ ቆርኪ ሰብስባ ሲሚንቶው ላይ ደረደረች፤ አምስቱ ቀይ፣ አምስቱ ቢጫ። እነዚህ ተጫዋቾች ናቸው። ከዚያ ሁለት ጠጠር ጨመረች። «ይህ እኔ፣ ይህ እርስዎ» አለችኝ። የእኔን ጠጠር አነሳሁና መሃል ላይ አስቀመጥኩት። አንስታ ዳር አደረገችው። ሳታየኝ በጣቴ ወደ ውስጥ ትንሽ ገፋ አደረግኩት።

«አባባ!»

«ብቻውን ሆኖ አሳዘነኝ ልጄ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳኞች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቡድን ሊያጠቃ ሲሄድ አንዱ ዳኛ ቀድሞ ደርሶ ከቅርጫቱ አጠገብ፣ ከመጨረሻው መስመር ውጭ ይቆማል፤ ሊድ ይሉታል። ሌላው ከኋላ በተቃራኒው ጎን ሆኖ ይከተላል፤ እሱን ትሬይል ይሉታል። ዐሥሩም ተጫዋቾች ሁልጊዜ በሁለቱ መካከል መሆን አለባቸው። ኳሱ ተነጥቆ ወደ ሌላው ቅርጫት ሲዞር የኋላው ፊተኛ፣ ፊተኛው የኋላ ይሆናል። የሚያዩትንም ይከፋፈላሉ፤ ይህን ጥግ አንዱ፣ ያንን ጥግ ሌላው። ሁለቱም አንድ ቦታ ካዩ፣ ሌላው ቦታ የሚያየው ባለቤት አይኖረውም።

«ከሁሉ በላይ ደግሞ» አለችኝ፣ «ኳሱን አይዩ።»

«ታዲያ ኳስ ጨዋታ ላይ ምን ልይ?»

«ሰው ይዩ። ኳሱ እኔ በኩል ከሆነ እርስዎ ኳስ የሌላቸውን ነው የሚያዩት።»

«ኳስ የሌለው ሰው ምን ይሠራል?»

«ክፋት» አለች።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነው በደንብ የገባኝ፤ እሱም የገባኝ ሜዳው ላይ አይደለም። በዚያው ሰሞን አማቼ ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ ሊያመጣ ሲወርድ አብሬው ሄድኩ። ሁለት ሰዎች ዳር ላይ መረብ ሲጎትቱ ቆሜ አየሁ። አንዱ የወዲህኛውን ጫፍ፣ አንዱ የወዲያኛውን ይዟል፤ ዓሣው መካከል ነው። አንዱ ጫፉን ለቆ ዓሣውን ልየው ብሎ ወደ መሃል ቢገባ ዓሣውም መረቡም እንደሚሄድ ማንም ሳይነግረኝ ታየኝ። ተመልሼ ለልጅቷ ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ መሃል ስሳብ «መረብ!» እያለች ትጮህብኝ ጀመር።

ቤቴም ሜዳ ሆነ። ዳኛ ፊቱን ወደ ተጫዋቾቹ አድርጎ ወደ ኋላ መሄድ መቻል አለበት ስለተባልኩ፣ ከበር እስከ ጓሮ ወደ ኋላ እየሄድኩ እለማመዳለሁ።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ ባለቤቴ፣ «ወደ ፊት መሄዱን ጨርሰህ ነው?»

አንድ ቀን ደግሞ ለቅሶ ቤት ሄጄ ድንኳኑ ውስጥ ጥጉን ይዤ ቆምኩ። ጎረቤቴ ቦታ ለቆ ተቀመጥ ቢለኝ እምቢ አልኩት። በልቤ ሌላ ሽማግሌ በወዲያኛው ጥግ እንዲቆምልኝ እየጠበቅኩ ነበር። ልብ ስል ለቀስተኛውን በዓይኔ ለሁለት እየከፈልኩ ነበር።

የፈተናው ጨዋታ እሑድ ከሰዓት ሆነ። የገጠሙት የመምህራን ቡድንና የሙዝ ጫኞች ቡድን ናቸው። ሙዝ ጫኞቹን ያላየ ሰው ይንቃቸዋል። ቀኑን ሙሉ ከመሬት ወደ መኪና ላይ ከባድ የሙዝ ዘለላ ሲወራወሩ የሚውሉ ልጆች ናቸው፤ ኳስ እጃቸው ላይ እንደ ብርቱካን ነው የምትቀለው። መምህራኑ ደግሞ ረጃጅሞች ናቸው፤ ሲሳሳቱም ለምን እንደተሳሳቱ ያስረዱሃል። ተመልካቹ በሁለት ወገን ሞልቷል። ገምጋሚው ባርኔጣ ያደረገ፣ የማይስቅ፣ አጠር ያለ ሰው ነው። ከነጥብ መዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ማዶ ወንበር አስወጥቶ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

ልጅቷ ልትጀምር ስትል ወደ እኔ መጣች።

«አባባ፣ ምንም ነገር ቢፈጠር ቦታዎን አይልቀቁ። ዝም ብለው ያዩትን ይያዙልኝ። እኔ የማላየውን የሚያዩልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«እሺ ልጄ። መረቡን ይዣለሁ» አልኳት።

እስከ ዕረፍት ድረስ ራሴን ታዘብኩት፤ ዳኛ መሰልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ኋላ ስሄድ በዝቶብኝ፣ መስመሩን አልፌ፣ ከሜዳው ውጭ ማንጎ የምትሸጥ ሴት ሳህን ላይ ተቀመጥኩ።

«ኧረ አባባ! ጭማቂ አድርግልኝ ያለዎት ሰው አለ?» ብላ ጮኸች። ተመልካቹ አንጀቱ እስኪቆስል ሳቀ። እኔ ግን ዓይኔን ከተጫዋቾቹ ላይ አላነሳሁም፤ ማንጎ ላይ ተቀምጬም ቢሆን ፋውል አይቼ ነፋሁ። ትክክልም ነበር። ልጅቷ ከማዶ አውራ ጣቷን ደበቅ አድርጋ አሳየችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ብዙ ሰው መርቆኛል፤ እንደዚያች አውራ ጣት ግን ያሞቀኝ የለም። ገምጋሚው ጻፈ። ስለ ማንጎው ይሁን ስለ ፋውሉ አላውቅም።

በመጨረሻው ሩብ ጨዋታው ተጋጋለ። ሁለት ደቂቃ ሲቀር ልዩነታቸው አንድ ነጥብ ነው። ጉልበቴ ደክሟል፤ ሱሪዬ ከማንጎው የተነሳ ከእግሬ ጋር ተጣብቋል፤ ቢሆንም ቦታዬ ላይ ነኝ። ከቅርጫቱ ሥር፣ ከመስመሩ ውጭ። ኳሱ በእሷ በኩል ርቆ ነው ያለው። እኔ ፊት ደግሞ ኳስ የሌላቸው ሁለት ሰዎች ቦታ ሲጋፉ ነበር፤ አንድ ረጅም መምህርና አንድ ደረቱ የሰፋ ሙዝ ጫኝ። እንደተባልኩት እነሱን አያለሁ። መምህሩ ጀርባውን ወደ ልጅቷ እንዳደረገ ክርኑን ወደ ፊት ሰንዝሮ የሙዝ ጫኙን ጎን ወጋው። ጥርት አድርጌ አየሁት። ሙዝ ጫኙ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀና በቡጢ አገጩ ላይ አሳረፈበት።

ፊሽካው አፌ ውስጥ ነበር። የተነፋው ግን የእሷ ነው፤ የእኔ አይደለም።

ከሁለቱም በኩል ተጫዋቾች ሮጡ። ተመልካቹ ተነሳ፤ መስመሬን ረገጠው። አንዱ ወንበር አነሳ። እኔ በዚያ ሰዓት ማድረግ የነበረብኝ ያለሁበት ቆሜ ማን ምን እንዳደረገ መያዝ ነው። ሰሞኑን ሁሉ የተማርኩት ይህንኑ ነው። እግሬ ግን የተማረው ከዚያ በፊት ነው። ዞሬ ከሜዳው ወጣሁ። ከቅርጫቱ ጀርባ ቧንቧው የሚያንጠባጥብበት ቦታ ላይ ለምለም ሣር አለ። በሁለት እጄ ነቀልኩ፤ ተመለስኩ፤ በተጣሉት ሁለት ሰዎች መካከል ሣሩን ወደ ላይ ይዤ ተንበረከክኩ።

በእኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ እሱን አልፎ እጁን የሚሰነዝር የለም። ለምን ብሎ የሚጠይቅም የለም። ወንበር ያነሳው ልጅ ወንበሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ተቀመጠበት። ሙዝ ጫኙ ቡጢውን ፈታ። መምህሩም የአገሩ ልጅ ነበርና አንገቱን ደፋ።

«አባባ፣ ይነሡ። በእግዚአብሔር ይነሡ» አለኝ ሙዝ ጫኙ፤ «ትቻለሁ፤ ይቅር ብያለሁ።»

«እኔም ትቻለሁ» አለ መምህሩ፣ አገጩን ይዞ።

ተቃቀፉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሁለቱ ሰዎች ብብቴን ይዘው አነሱኝ፤ ለብቻዬ የምነሳም አልነበርኩም። ምን ልበላችሁ፣ ኮራሁ። አንድ ሰው እንኳ ሳይደማ ዕርቅ አወረድኩ ብዬ ዓይኔ ልጅቷን ፈለገ። አውራ ጣት እየጠበቅኩ ነበር።

እሷ የነበረችበት ቦታ ላይ ናት። አንዲት እርምጃ አልተነቃነቀችም። ፊሽካውን በጥርሷ ይዛ በዓይኗ ትቆጥራለች፤ ማን ከወንበር ተነሳ፣ ማን ገባ፣ ማን ገፋ። ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ ወደ እኔ መጣችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ ማን ነው የጀመረው?» አለችኝ።

አሁን እዚህ ላይ ነው የእኔ ሞኝነት። «ልጄ፣ ታርቀዋል እኮ» አልኳት።

«አይቻለሁ። ማን ጀመረ?»

«ከታረቁ በኋላ ማን ጀመረ አይባልም። ያስታረቀ ሰው ደግሞ አይመሰክርም። ነውር ነው።»

ገምጋሚውን አላየችውም፤ ግን ሁለታችንም እስክሪብቶውን ይዞ እንደሚጠብቅ እናውቃለን። «አባባ» አለችኝ፣ «መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። እኔ ከዚያ ሆኜ ያየሁት ቡጢውን ብቻ ነው። ሌላ ነገር ካለ ያለው እርስዎ ጋ ነው። ካልነገሩኝ የማስወጣው አንዱን ብቻ ነው።»

ሙዝ ጫኙን አየሁት። ጎኑን ይዞ ቆሟል፤ አንድ ቃል አልተናገረም። ታርቋላ፤ ከታረቀ በኋላ መክሰስ የለም፤ ያወረድኩት ዕርቅ አፉን ዘግቶታል። ልጅቷንም አየኋት። ግማሹን አይታ ልትፈርድ ነው፤ ግማሹን የያዝኩባት እኔ ነኝ። እዚያ ማዶ የተቀመጠው ሰው ከእሱ ቦታ ክርኑን አይቶት ከሆነ፣ ክረምት ሳይገባ ሻንጣዋን ታስራለች። ይህን ሁሉ ያመጣሁት ደግሞ ሰላም ፈጠርኩ ብዬ ስኮራ ነው።

ሣሩ አሁንም እጄ ላይ ነው። ሣር ይዤ ልመሰክር አልችልም። ስለዚህ ምን አደረግኩ? ቀስ ብዬ፣ ሁሉም እያየኝ፣ ከመስመሩ ውጭ ወጣሁና ሣሩን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ከእጄ የወደቀውም መንገዱን ሁሉ ተበትኗል። ከዚያ ተመልሼ ከቅርጫቱ ሥር ወደ ቦታዬ ሄድኩ። ሁለቱ ፀባቸውን ሲጀምሩ ቆሜበት የነበረው ልክ እዚያው ላይ ቆምኩ።

«ከዚህ ሆኜ ነው ያየሁት» አልኩ። «መምህሩ በክርን ጎኑን መታው። ያኛው ከዚያ በኋላ ነው ቡጢ የሰነዘረው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ኳሱን እያየሁ አልነበረም ልጄ። እነሱን ነበር የማየው።»

ጠረጴዛው ጋ ሄደች። ሁለቱንም አስወጣች።

ከዚያ በኋላ የወረደብኝን አልነግራችሁም፤ ጥቂቱን ብቻ። «ዕርቅ አፍራሽ!» አለ አንዱ የመምህራን ደጋፊ። «ሽማግሌ ነዎት ወይስ ከሳሽ? አንዱን ይምረጡ!» አለ ሌላው። አንዲት ሴት ደግሞ፣ «እልልታዬን መልሱልኝ!» ብላ ጮኸች። እውነታቸውን ነው። በእኔ ዕድሜ አንድ ሰው በዐሥር ደቂቃ ውስጥ አስታርቆ፣ መስክሮ፣ ተሰድቦ አይውልም። የተባረሩት ሁለቱ ግን አብረው ወጥተው ከአጥሩ ውጭ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መምህሩ ውኃውን ጠጥቶ ለሌላው ሲያቀብለው አይቻለሁ። እኔ ላይ የጮኸው ሕዝብ ወደዚያ አልዞረም።

ማን አሸነፈ ብላችሁ አትጠይቁኝ። የቀሩትን ሁለት ደቂቃዎች ኳሱን አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁም።

ሰው ሲበተን ገምጋሚው ሁለታችንን ጠራን። ልጅቷ እጇን ከኋላዋ አጣምራ ቆመች። እሱም ባርኔጣውን አውልቆ ከወረቀቱ ላይ ማንበብ ጀመረ፤ ድምፁ እንደ ፊቱ ደረቅ ነው። ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ ምልክት ስትሰጥ ትቸኩላለች አለ። ሁለት ጊዜ ዘግይታ ነፍታለች አለ። በፀቡ ጊዜ ግን ቦታዋን ሳትለቅ ሁኔታውን ተከታትላለች፤ ያላየችውን እንዳየች ሳታስመስል ረዳቷን ጠይቃ ተገቢውን ውሳኔ ሰጥታለች። «ክርኑን እኔ ከወንበሬ አይቼዋለሁ» አለ ቀና ብሎ። «ቡጢውን ብቻ ቀጥተሽ ቢሆን አላሳልፍሽም ነበር። አልፈሻል።»

እሷ ከኋላዋ ያጣመረችውን እጇን ፈታች።

ገምጋሚው ገጹን ገለበጠ። «ስለ ረዳት ዳኛው ደግሞ» አለና አነበበ፤ «በአራተኛው ሩብ፣ ፀብ በተነሳበት ወቅት፣ ቦታውን ለቆ ከሜዳ ውጭ በመሄድ ሣር ነቅሏል። ምክንያቱ አልታወቀም።»

«ጌታዬ፣ ላስረዳ?» አልኩ።

«ያስረዱ።»

አስረዳሁት። ከደጋው ጀምሬ ስለ ሽማግሌ፣ ስለ እርጥብ ሣር፣ ተንበርክኮ ስለ መለመን፣ ሁሉንም ሳልቸኩል ነገርኩት። ሰውየው አላቋረጠኝም። ስጨርስ እስክሪብቶውን አወጣና «ምክንያቱ አልታወቀም» የሚለውን ሰርዞ ከሥሩ ሌላ ነገር ጻፈ። እኔም እንድሰማ ጮክ ብሎ አነበበው፤

«ምክንያቱ ታውቋል። ሆኖም ሣሩ ከመነቀሉ በፊት ፊሽካ መነፋት ነበረበት።»

አመሰገንኩት። ትክክል ነው።

እሱ ሲሄድ መጥረጊያዬን አመጣሁ። ዳኝነቱ አልቋል፤ ሣሩን ግን ሜዳው ላይ ሁሉ የበተንኩት እኔ፣ የምጠርገውም እኔ ነኝ። አንዳንዱ ሲሚንቶው ላይ ስለተረገጠ በእጅ ካልሆነ አይነሳም። ልጅቷ በሩ አጠገብ ቆማ ስልክ ደወለች።

«አባዬ? አለፍኩ!» አለች። ከዚያ ጫማዋን እያየች ብዙ አዳመጠች። አንድ ጊዜ በመዳፏ ዓይኗን ጠረገች። «እሺ... እሺ አባዬ... በክረምት እመጣለሁ፤ ለጥየቃ ግን ነው።»

እኔ ጎንበስ ብዬ አንድ አንድ እየለቀምኩ ነው። እንደማይሰማ ሰው ነኝ።

«ማ? አብሮኝ የሠራው?» አለችና ወደ እኔ ዞር አለች። «አይ፣ ወጣት አይደሉም፤ ትልቅ ሰው ናቸው። በጣም ጎበዝ ናቸው። ዓይናቸው ምንም አይስትም... ሣር ያዩ እንደሆነ ብቻ ነው የሚያስቸግሩት።»

ከዚያ ማዶ አባትየው «ሣር?» ብለው ሲጠይቁ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። ልትመልስላቸው ሞከረች፤ ሳቁ አላስችል አላት። በሩን ተደግፋ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ሳቀች። እኔም ቀና ሳልል፣ ሣሬን በእጄ እንደያዝኩ፣ አብሬያት ሳቅኩ።